የቅዳሜ ተማሪዎች

ቤቴል ሰፈር ካለው ቤቴ ፖሊሶች ሲወስዱን ጥቁር ሰሌዳውንም አብረው ጫኑት። ማስረጃ ነው ተባለ። ላዩ ላይ የሚበቅል ባቄላ ተስሎበት ነበር።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ስማር አጠገቤ መቀመጥ የሚፈልግ አልነበረም፤ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም በሻይ ሰዓት ብቻዬን ነበርኩ። ስለዚህ እንደኔ ብቸኛ የሆኑ መምህራንን ቤቴ መሰብሰብ ጀመርኩ። መስማት የተሳናት የሒሳብ መምህርት፣ ዓይነ ስውር የታሪክ አስተማሪ፣ ከጠረፍ መጥተው አማርኛን ከመጽሐፍ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ተነስቶ የሰኞውን ትምህርት ያስተምረናል። ሌሎቻችን ተማሪ ሆነን እንረብሸዋለን፣ በአንድ ድምፅ እንመልስለታለን። መንገደኛ እንዳይስቅብን ደግሞ በርና መስኮት እንዘጋለን። ጎረቤት ምን ያድርግ? አንድ ሰው ሲናገር፣ ብዙ ሰው አብሮ ሲመልስ ይሰማል። የፖለቲካ ስብሰባ ነው ብሎ ጠቆመ።

የተያዝነው ሁለት ነን፤ እኔ እንደ ቤቱ ባለቤት፣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የተገኘው ወጣት ደግሞ እንደ ተናጋሪ። ከጠረፍ ከመጡት አንዱ የሆነ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ከመንደሩ መምህር ሲወጣ የመጀመሪያው።

ክፍሉ በረኪናና ላብ ይሸታል፤ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይገባል። እስረኛው ስንቅ ሲመጣለት መሐል ላይ ዘርግቶ "ቅረቡ" ይላል፤ ደንቡ ነው። ልጁ ግን አይቀርብም። ጠግቤያለሁ ይላል። በምን ጠገብክ፣ በአየር ነው? ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም። እሱ የሚያቀርበው ስንቅ ሳይኖረው የሰው መብላት አፍሮ ነው።

በማግስቱ ከምርመራ ሲመለስ እውነቱን ነገረኝ። ስብሰባው የፖለቲካ ነው፣ የጠሩኝም የቤቱ ባለቤት ናቸው ብሎ ከፈረመ ወዲያው እንደሚለቁት፣ እንዲያስብበትም ጊዜ እንደሰጡት።

"ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ማንም የለኝም" አለኝ። "ብሞት እንኳ የት ገባ የሚል የለም።"

አትፈርም ልለው ፈልጌ ተውኩት። ጉዳዩ የራሴ ነው፤ በምን አፌ ልምከረው?

እኩለ ቀን ላይ ጠባቂው የልጁን ስም ጠራ። ጠያቂ መጥቶልሃል ሲባል የሌላ ሰው ስም መስሎት አልተነሳም። ገፋ አድርጌ አስነሳሁት። በር ላይ የቆሙት የሒሳቧ መምህርትና የታሪኩ አስተማሪ ነበሩ። ዝምድናችሁ ምንድን ነው ሲባሉ እሷ ሁለት ጣቶቿን አጣምራ አሳየች፤ እሱ ደግሞ እኔ ታላቁ ነኝ፣ እሷ ታናሼ ናት አለ። ጠባቂው የማይመሳሰለውን የሦስቱን መልክ በየተራ አይቶ፣ "አባታችሁ ስንት አገር ነው የዞሩት?" አለና ስንቁን ተቀበለ።

ልጁ ስንቁን መሐል ላይ ዘረጋ። "ቅረቡ" አለ። ድምፁ ሰሌዳ ፊት ከነበረው ይልቅ ደመቅ ያለ ነበር። በልተን ሳንጨርስ መርማሪው አስጠራው።

ሲመለስ ፈገግ ብሏል።

"አልፈረምኩም። ስብሰባችን ይህ ነው ብዬ የባቄላውን ትምህርት አስተማርኳቸው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ አልኩ።"

"የሚያወጣ ተገኘ?"

"አንዱ ፖሊስ። ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ።"

ለሳምንታት አብረን ቆየንና ያለ ክስ ተለቀቅን። ዛሬ ልጁ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ያስተምራል፤ የቅዳሜው ተማሪ ቤቴን ሞልቶ ወደ እሱ ቤት ተሻግሯል። እንደ ልጄ እወደዋለሁ። ያኔ ጥሎኝ መውጣት ይችል ነበር ብዬ ላመሰግነው ስጀምር ያቋርጠኛል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ጥለውኝ ይወጡ ነበር?"

አልወጣም እለዋለሁ። እውነቴን ነው። ሳይፈርም ከተመለሰባት ከዚያች ቀን በፊት ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን ምን እመልስለት እንደነበር አላውቅም።