ዘሀራ ሆዷን ያስቆረጠችበት ቂም

ዘሀራ አሰላ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። እኔ ከጎኗ በርበሬ እሸጣለሁ። ስሜ ተሻለች ነው፤ ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ዘሀራ ወፍራም ነበረች። በውፍረቷ አፍራም አታውቅም ነበር፣ ባሏ ሙንተሲር በሰው ፊት እስኪያሳፍራት ድረስ። በወንድሙ ሰርግ ላይ የተቀመጠችበት የፕላስቲክ ወንበር ተሰብሮ መሬት ወደቀች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲሯሯጡ እሱ ከወንዶቹ መሃል ብድግ ብሎ «ተዉ፣ ክሬን ይምጣላት!» አለ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ፈታትና ከኦጎልቾ አንዲት ቀጭን ልጅ አገባ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘሀራ ስታለቅስ አላየኋትም። ኒካህ ሲያስሩ የሰጣትን ወርቅ አውጥታ ሸጠችና «አዲስ አበባ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ። እንቢ የሚባልበት ፊት አልነበረም፤ ሄድን።

ሐኪሙ ውፍረት የሚቀነስባቸውን ሦስት መንገዶች ሥዕል እየሣለ አስረዳን። ፊኛ የሚሉት በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ ይነፋል፤ ሆድ አይቀደድም፣ ግን ከወራት በኋላ ይወጣል፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ተከትሎት ይመለሳል። ስሊቭ የሚሉት አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጥ ያለ ቀጭን ነገር ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራ ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ከአንጀት ጋር ያገናኛል። ስኳር ላለበትና ቃር ለሚያሰቃየው ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል፤ ቫይታሚኑን ግን ዕድሜ ልክ መዋጥ ነው።

«ከሦስቱ ጨርሶ መመለሻ የሌለው የቱ ነው?» አለች ዘሀራ።

«ስሊቭ። የተቆረጠው ጨጓራ አይመለስም። ውፍረቱ ግን አፍዎን ካልጠበቁ ሊመለስ ይችላል። ለምን እንደዚያ ጠየቁ?»

«እሱን ይሥሩልኝ።»

ስኳርም ቃርም አልነበረባትም፣ ሐኪሙም መርምሮ ተስማማ። ያስመረጣት ግን ንዴቷ ነው፤ ከጎኗ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

በዓመቱ ሌላ ሰው ሆነች። ባጃጅ ትታ በጋሪ ገበያ መምጣት ጀመረች፣ ጋሪው በሙንተሲር የቆርቆሮ ሱቅ በር ቀስ ብሎ ያልፋላ! እኔም ፊቱን ለማየት አብሬያት እጫን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ሆዱ ገፋ፣ ስኳር ያዘው፣ ሐኪምም ቀዶ ጥገና ይሻልሃል አለው። አንድ ቀን መደባችን ድረስ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ዘሀራ፣ አንቺ አልፈሽበታል። የቱ ይሻለኛል?»

እግሯን ረገጥኳት። «ፊኛውን በይው» አልኳት በጆሮዋ። ያለውን ከስክሶ ሆዱ ይመለስበት! ዘሀራ ግን «ስኳር ስላለብህ ባይፓሱን ጠይቅ፤ ሐኪሙ ይወስን» አለችው። ሳምንቱን አኮረፍኳት።

ሄዶ ተሠርቶ መጣ። በእኛ አገር ሆዱ የተቀደደ ሰው ሁሉ እንደ አራስ ነው፤ ገንፎ በቅቤ ተደርጎ ይመጣለታል፣ የመጣን መመለስም ነውር ነው። ዘሀራ ከሆስፒታል ስትወጣ በሯ ላይ ቆሜ ገንፎ ያመጣውን ሁሉ እየተሳደብኩ ነው የመለስኩት። ስፌቱ ሳይጠና ከፈሳሽ ሌላ ከቀመሰች ሊፈታ ይችላል፣ ከተፈታ ሞት አለበት ብሎን ነበር ሐኪሙ።

እና የሙንተሲር እናት አዴ ኦብሴ ቅቤ ሊገዙ መጡ።

«ልጄ፣ ከለጋው ስጪኝ። ሐኪሞቹ ውሃ ብቻ አጠጡት እያሉ ልጄን በረሃብ ሊገድሉብኝ ነው። ሚስቱ ገንፎውን እያገነፋች ነው።»

ዘሀራ ቅቤውን በኮባ ጠቀለለች። እኔ ፊቴን ወደ በርበሬዬ አዞርኩ። እግዜር ይፍረድብኝ፣ «ስጪያቸው፣ ስጪያቸው» እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ማንም ማንንም የማይከስበት ሞት ነበር።

አሮጊቷ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ዘሀራ ቅቤውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልሸጥልዎትም። ገንፎ ከቀመሰ ይሞትብዎታል። ሐኪሙ ካዘዘው በቀር ምንም እንዳይሰጡት። አሁኑኑ ይድረሱ፣ እማማ፣ ይሩጡ!»

አዴ ኦብሴ ነጠላቸው ከትከሻቸው እየወደቀ ሮጡ። ደረሱለትም፣ ተረፈ።

እኔ ግን ያን ጊዜ በንዴት ጦፍኩ። «ምን ነካሽ? እጅሽ ገብቶልሽ አልነበር!»

ዘሀራ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ ፊቷ ላይ ምሕረት የሚባል ነገር ሳይታይ መለሰችልኝ።

«ቢሞትማ አገሩ ሁሉ ደግ ሰው ነበር እያለ ያለቅስለታል። እኔም ሄጄ ልሰማ? አይሆንም። ይኑርልኝ። ጠዋት በተነሳ ቁጥር በማን እንደተረፈ እናቱ ይንገሩት።»