በካሴቱ ላይ የተጠራው ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ ሳልነግረው ሞተ። ልጆቼም አያውቁትም። በጸሎት ጊዜ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህን ዘልዬው አልፋለሁ፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በነፍስ አባት ፊት ተንበርክኮ መናዘዝ የለም፤ ያለው ጉባኤ ፊት ቆሞ መመስከር ነው። እኔም ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ ቆሜ መስክሬአለሁ! ሞያሌን እንዴት እንዳለፍኩ፣ ጌታ ከወታደር ዓይን እንዴት እንደሰወረኝ ተናግሬ ሰው አስለቅሻለሁ። ይህን ግን ዋጥኩት። ዛሬ የምትሰሙኝ እናንተ የምታነቡት ናችሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢጣመም አቃኑት። ሥራዬን ግን አታቃኑልኝ።

የሚያውቀኝ ሁሉ አስካለ አድልዎ አትወድም ይላል። እውነት ነው። የውሃ ሰልፍ ላይ አንዷ ያለተራዋ ባልዲዋን ብታስቀድም፣ ባልዲውን አንስቼ ከሰልፉ መጨረሻ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አሮጊት ቢገፋ፣ በማላውቀው ስዋሂሊ ከመኪናው እስኪወርድ የምሰድበው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት የንጹሕ ሰው ስም አጥፍታ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንቅልፍ ወሰዳት? ወሰደኝ። ክፋቱም ይኸው ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔና ባሌ ከልጆቻችን ጋር ሳውዝ ሲ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሩንዳ ፈረንጆች ቤት ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ያልጨረስኩትን ልብስ ቤቴ ድረስ አመጣዋለሁ። ትርሲት የምትባል የሃያ አንድ ዓመት ልጅ አብራን ትኖር ነበር። ዝምድና የለንም። ከአገር ሸሽታ በመጣች በሳምንቷ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ፌስታል ይዛ ቆማ አግኝቻት ነው ይዣት የመጣሁት። አባቷ መምህር ዘለቀ ዲላ ያስተምር ነበር። እናቷ ሞታለች፤ እኅት ወንድም የላትም። በዚህ ዓለም ያላት እሱ ብቻ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «አላወቀችም ይሆናል» እንዳትሉልኝ ነው። አውቅ ነበር።

ትርሲት አፏ አይያዝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አራት አምስት ሰው ቤታችን ይሰበሰባል። ሻይ በወተትና ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ይቀርባል። እሷ ማማሰያውን እንደ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የአዲስ አበባውን ዜና አንባቢ ድምፅ አስመስላ ትጀምራለች።

«ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቻችን! ይህ የሳውዝ ሲ አብዮታዊ ራዲዮ ነው። ጓድ ሊቀመንበር ዛሬ ለሰፊው ሕዝብ ንግግር አድርገዋል። ንግግሩ ሲጀመር አንደኛ ክፍል የነበሩ ተማሪዎች፣ ሲያልቅ ጡረታ ወጥተዋል። በሌላ ዜና፣ ለቀበሌያችን ስኳር ገብቷል። የገባው የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ነው። ሰፊው ሕዝብ ሻዩን ስኳሩን እያሰበ እንዲጠጣ አብዮታዊ ጥሪ ቀርቧል።»

እንስቃለን፤ እየሳቅን መስኮቱን እንዘጋለን። ያኔ ናይሮቢም ቢሆን ሰው ይፈራ ነበር። የመንግሥት ጆሮ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ይደርሳል ይባላል፤ አጠገብህ ጥብስ የሚበላው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀን ትርሲትን «አንቺ ልጅ፣ አትፈሪም እንዴ?» አልኳት።

«እፈራለሁ እንጂ፣ እትዬ» አለችኝ። «ስስቅበት ግን ለአንድ ሰዓት ያህል አልፈራውም።»

አንድ ሕግ ነበራት። አገር ቤት ያለ ሰው ስም አይጠራም፤ በተለይ የአባቷ። «ቀልዱ የእኔ ነው፤ አንገቱ ግን የአባቴ ነው» ትል ነበር።

ከእሑድ እንግዶቻችን አንዱ ጀማል ነበር። ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል፤ ለንግድ ሞያሌ ሲመላለስ የስደተኛውን ደብዳቤ ሁሉ ያደርሳል፣ ያመጣል። ለዚህ ሥራው ከሻይ በቀር ከማንም ምንም ተቀብሎ አያውቅም። የትርሲትን ዜና ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ይስቅና «ሞያሌ ላይ ሻንጣሽን ሲፈትሹ ይህን ምላስሽን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» ይላታል። «ቀረጥ ከፍዬበታለሁ፣ ጋሼ ጀማል!» ትለዋለች።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

አዲስ አበባ ዘነበች የምትባል እኅት ነበረችኝ። በደብዳቤ ፈንታ በካሴት ነበር የምንነጋገረው፤ ድምፃችንን ቀድተን እንላላካለን። ቴፑን የሰጠችኝ የማጥብላት ፈረንጅ ናት፤ አገሯ ስትመለስ ትታልኝ ሄደች። በዚያ ዓመት የዘነበችን ልጅ ለውትድርና አፍሰው ወሰዱባት። የላከችልኝ ካሴት አንዱ ገጽ ሙሉ ለቅሶ ብቻ ነበር። ላስቃት ፈለግሁ። ትርሲትን ዜናዋን ልቅዳው ብዬ ለመንኳት።

«ደብዳቤ ይቀደዳል፣ እትዬ» አለችኝ። «ድምፅ ግን እኔው ራሴ ነኝ። አይሆንም።»

እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ግን በሚቀጥለው እሑድ ቴፑን ሊተኮስ ከተከመረው ልብስ ሥር አስቀመጥኩት። ሰው ሲሰበሰብ ክምሩን የማስተካክል መስዬ ሁለቱን የመቅጃ ቁልፎች ተጫንኩና አንሶላ ጣል አደረግሁበት። ልጅቷ ጀመረች። እንደዚያ ቀን አምሮላት አያውቅም። ሳቁ ሲሞቅ እኔ፣ በዚህ አፌ፣ «እስቲ የመምህር ዘለቀ ልጅ፣ ደግሞ የዲላን ዜና አሰሚን!» አልኩ።

ትርሲት ቀና ብላ አየችኝ። ሕጓን አፍርሼባት ነበር። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ያለነው ወዳጆቿ ብቻ መሰልናትና ፈገግ ብላ ቀጠለች።

ለምን ጠራሁት? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። እኅቴ «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብትል፣ የመምህር ልጅ፣ የተማረ ሰው ልጅ ቤቴ እንደምትኖር እንድታውቅልኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጉራ።

ካሴቱን በልጅ ሹራብ ጠቅልዬ ለጀማል ሰጠሁት። «ምንድን ነው?» አለኝ። «የቤተሰብ ሰላምታ ነው» አልኩት። በኬላው አሳልፎ አደረሰልኝ። ቢያዝ ኖሮ ባላወቀው ነገር የሚገደለው እሱ ነበር። ይህንንም ቁጠሩልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ የእኅቴ ደብዳቤ በሌላ መንገደኛ እጅ መጣ። «ያ ሰላምታሽ ሰው ሁሉ ስለወደደው ለጎረቤት አዋስኩት፤ ጎረቤትም ለጎረቤት አዋሰው። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። መምህሩ በጣም ታሞ ሆስፒታል ገብቷል እየተባለ ነው» ይላል። ያኔ በደብዳቤ ታመመ ማለት ታሰረ ማለት ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀበሌ ገብቷል። ከማን ቤት ወጣ ቢባል መልስ የለም። በካሴቱ ላይ የተጠራ ስም ግን አንድ ነበር። የጠራሁትም እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ጂኮው፣ የከሰል ምድጃው ላይ፣ ፍሙ መሃል ጣልኩት። ቴፑን ከቤት አወጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ዘልዬ እነሳለሁ። ትርሲት ከውጭ ስትገባ ፊቷን አይቼ ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ እሞክራለሁ። አልሰማችም፤ ማንዳዚ ትበላለች፣ ትስቃለች። ይህን ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁ። ልነግራት የምችልበት ሁለት ሳምንት ነበር።

ከዲላ የመጣ ሰው ነገራት። አባቷን ይዘው የእሷን ድምፅ አሰሙት፤ «ልጅህ ናት ወይ?» አሉት። «ልጄ ናት» አለ። መካድ ይችል ነበር፤ አልካደም።

ትርሲት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ያን እሑድ ቤታችን የነበርነውን ሁሉ አስጠራችን፤ እኔን፣ ባሌን፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን። ጀማል ለንግድ ሄዶ አልነበረም። «ማን ነው የቀዳኝ?» አለች። «እስቲ አስቡ። ማን ነበር?» እኔን አየችኝ፤ ልቅዳሽ ብዬ መለመኔና ስም መጥራቴ ትዝ ሊላት ነው ብዬ ተሸበርኩ።

«ጀማልም ነበር» አልኩ።

ሁለት ቃል ነው። ውሸት የለበትም፤ ነበር። እኔ ግን እውነቱን እንደ ቢላ ነው የተጠቀምኩበት። ከዚያ ወዲያ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን በር ያነሳኋት ልጅ እኔን አልጠረጠረችም። አንዷ ሴት «ድንበሩን እንደ ልቡ የሚያልፈው ለካ!» አለች። ሌላዋ «የእኛ ሰው እንኳ አይደለም» አለች። ስንት ዓመት ደብዳቤያችንን የተሸከመውን ሰው! ያቺ የሰልፍ ተራ የማታስነካ አስካለ ያኔ የት ነበረች? እዚያው ተቀምጣ፣ እጇን ጉያዋ ሸጉጣ ነበር።

በወሩ ጀማል ጆሮ ጠቢ ሆነ። ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ደብዳቤ የሚሰጠው ጠፋ። አንድ ቀን ሱቁን ሲዘጋ ጎረምሶች ጠብቀው ግራ እጁን ሰበሩት።

አንድ ጠዋት እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤቴ መጣ። የብረት መዝጊያውን ሳልከፍት በፍርግርጉ አየሁት።

«እትዬ አስካለ፣ ሹራቡ ውስጥ ያለው የቤተሰብ ሰላምታ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ነው» አልኩት።

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንቺ ተናገሪ። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አሉኝ።»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እሺ። አላህ ያውቃል» ብሎ ሄደ። ለማንም አልተናገረብኝም። ለምን እንዳልተናገረብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ምን ነበር የፈራሁት? ሰላይ ተብዬ እንዳልባረር፣ እንዳልደበደብ፣ የስደተኛ ወረቀቴን እንዳላጣ። ከሁሉ በላይ የትርሲትን ዓይን። ታዲያ እኔ የፈራሁት ሁሉ በእሱ ላይ ሲደርስ ቆሜ አየሁ። ፍርሃት ምክንያት ይሆናል እንዴ? እሱም ይፈራ ነበር። መምህር ዘለቀም ይፈራ ነበር፤ ግን «ልጄ ናት» አለ።

መምህሩ ከዓመት በላይ ታስሮ ሲፈታ በምርኩዝ ነበር የሚሄደው። ዳግመኛ አላስተማረም። ደርግ ሳይወድቅ ሞተ፤ ትርሲት ሳታየው። ማማሰያውን ከዚያ ወዲያ ለወጥ ካልሆነ በቀር አልያዘችውም። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ለበዓል እየመጣች ትከሻዬን ትስማለች፣ «እናቴ» ትለኛለች። ጀማል ሞያሌ ገብቶ ቀረ። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ አሁንም ኢስሊ ትኖራለች።

ይህንንም ይዤው ልሞት ነበር። ባለፈው ወር ግን የልጅ ልጄ ሊዲያ ከጓደኛዋ ጋር ሳሎን ተቀምጠው፣ አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እየደባለቁ፣ በቴሌቪዥን የሚታየውን ሚኒስትር ሲያላግጡበት ሰማሁ። ጓደኛዋ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ስትናገር ሊዲያ ሳቀችና «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ፣ ጀማል ይሰማሻል!» አለቻት።

«ጀማል ማን ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፣ ሾሾ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። « ሁሉም ሰው ይለዋል እኮ። ሰላይ ነገር መሰለኝ።»

ልጅቷ ስትወለድ ነገሩ ሁሉ ካለፈ ስንት ዘመኑ ነበር! የሰውየው ስም መተረቻ ሆኖ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እኔው ሳሎን ገባ። ሰምቼ ዝም ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ያን ቀንም ዝም አልኩ፤ ዕወቁት።

የፊታችን ቅዳሜ ትርሲት ቤት ሄጄ ይህን ወረቀት አነብላታለሁ። ከዚያ ኢስሊ፣ የጀማል ሚስት ዘንድ እሄዳለሁ። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ። ይህን የምጽፈው ፈርቼ ነው፤ ያው የድሮው ፍርሃት ነው፣ አላረጀም። ትርሲት ዳግመኛ እናቴ አትለኝ ይሆናል። አትበለኝ። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ ይቅርታ ተራ አለው፣ ከእኔ በፊት የተሰለፉ አሉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የጀማልን ስም ለልጆቹ መልሱላቸው።

ድምፅዋን የቀዳሁት እኔ ነኝ። የአባቷን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። «ጀማልም ነበር» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቻችሁ ሲቀልዱ ማስፈራራት ካማራችሁ፣ ከእንግዲህ «አስካለ ትሰማሃለች» በሉ።