ዘርፌና አስራ ሁለቱ የጉልበት ጥያቄዎች

ዘርፌ ታብሌቱን የተቀበለች ጊዜ የጓንቱ ላብ ገና ከእጇ አልደረቀም ነበር። ማክሰኞ ጧት ነው። ጂዛን ከተማ፣ ጽዳት በምትሠራበት ሆስፒታል፣ አጥንት ክፍል ኮሪደር ላይ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ቆማለች። ዶክተር አንዋር፣ ሱዳናዊው ሐኪም፣ መጣና ታብሌቱን ዘረጋላት።

«ያዢ። ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሌዎቹን አንቺ ነሽ የምትጠይቂልኝ።»

«እኔ? ዶክተር፣ እኔ እኮ ወለል ነው የምወለውለው!»

«የፈይፋን ሰው አፍ የምትሰሚው አንቺ ብቻ ነሽ። ወላህ፣ እኔ አረብ ሆኜ ግማሹ ያመልጠኛል።»

እውነቱን ነው። ዘርፌ ከወሎ፣ ከሐርቡ፣ በሕጋዊ ቪዛ ስትመጣ መጀመሪያ የገባችው ፈይፋ ተራራ ላይ ነው። ደመና ከደጃፍ በታች በሚያልፍበት አገር አራት ዓመት አንዲት አሮጊት አስታማለች። የዛ ተራራ ሰው አረብኛው የራሱ ነው፤ የከተማው ሰው ራሱ «ምን አሉ?» እያለ ነው የሚሰማቸው። አሮጊቷ ሲሞቱ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ጽዳት ካምፓኒ አዙራ ወደ ከተማ ወረደች፤ ይኸው ሁለት ዓመቷ። የአረብኛውን ፊደልም ልጅ ሆና ቁርአን ቤት ቆጥራዋለች፣ የቀረውን ከአሮጊቷ የልጅ ልጆች ደብተር ለቃቅማዋለች። ቀስ ብላ ታነባለች፣ ግን ታነባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ከሪያድ ጉልበት የሚቀይር ሐኪም ይመጣል። ያለቀውን ጉልበት ከፍቶ በብረትና በፕላስቲክ የሚተካ። የሚቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዛ በፊት እያንዳንዱ ታማሚ ታብሌቱ ላይ ያለውን አፕ መሙላት አለበት። አስራ ሁለት ጥያቄ ነው። ህመሙ እንዴት ነው? ደረጃ ትወጣለህ? መኪና ትገባለህ? ተንበርክከህ ትነሳለህ? መልሱ ይደመርና ከአርባ ስምንት ይወጣል። አርባ ስምንት ያመጣ ሰው ጉልበቱ የፍየል ነው ማለት ነው። ከሃያ በታች የወረደ ደግሞ የኦፕራሲዮኑ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ሲስተር ሙኒራ ግን ነገሩን አልወደደችውም። የነርሶቹ አለቃ ናት፣ የሳብያ ከተማ ልጅ፣ የአልጋ አንሶላ ከተሸበሸበ የማትተኛ ዓይነት ሰው። «ዶክተር፣ ጽዳት ጽዳት ነው፣ ሕክምና ሕክምና ነው» አለች። ከዛ ወደ ዘርፌ ዞረች። «እስከ ነገ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ ጊዜ አለሽ። ሥራው ካማረ ታብሌቱ ያንቺ ነው። ካላማረ ኸላስ፣ ወደ ባልዲሽ።»

ብርነሽ፣ አብራት የምትሠራው የደብረ ታቦር ልጅ፣ ከሽንት ቤቱ በር ብቅ ብላ ሳቀችባት።

«እሰይ! ዶክተር ዘርፌ! እስቲ የኔንም ጉልበት እይልኝ፣ ካምፓኒው ጨረሰው እኮ!»

ዘርፌም ሳቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው አገር እጇ ያልነካው ቆሻሻ የለም። አሁን ደግሞ ንጹሕ ነገር ያዘች። መልሽ እንዳይሏት ፈራች።

የመጀመሪያው ሰው ዐሚ ጀብራን ናቸው፤ ዐሚ አጎቴ ማለት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ፈይፋ ላይ ቡና የሚያለሙ፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ የታጠቁ ሰው ናቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሏል። ዘርፌ የተጻፈውን እንደተጻፈ አነበበች።

«ባለፈው አንድ ወር የጉልበትዎ ህመም እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ያምዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ያ ቢንቲ፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

«ደረጃ መውጣት ይችላሉ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ካለ ምን ያቅታል!»

አርባ አንድ። ቀጣዩ ሠላሳ ዘጠኝ። ቀጥሎ የመጡት ሴትዮ አርባ አራት። አስራ አንድ ሰው ጠይቃ አንድም ከሠላሳ ስድስት የወረደ የለም። ዶክተር አንዋር ስክሪኑን አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ማሻአላህ! እነዚህ እኮ የኳስ ቡድን ናቸው። አስራ አንድ! ለሪያዱ ሐኪም ደውዬ ቢላውን ትተህ ፊሽካ ይዘህ ና ልበለው?»

ሙኒራ አልሳቀችም። «ነገ ዙህር» አለች፣ ሰዓቷን እያየች።

ዘርፌ ያፈሰችውን ቆሻሻ ልትጥል ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። አንድ ነጭ ሃይሉክስ ቆሟል። ዐሚ ጀብራን በሩን ይዘዋል። ልጁ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ መሬት ላይ አደረገ፣ አባቱን ከብብታቸው አቅፎ አነሳ። ሽማግሌው አንዱን እግር ሳጥኑ ላይ አወጡ፣ ሁለተኛው ግን እምቢ አለ። የራስ መጠምጠሚያቸውን ጫፍ ነከሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። በሦስተኛው ሙከራ ተነስተው ገቡ። ዘርፌ ሁለት ፌስታል ቆሻሻ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይህ ሰው አርባ አንድ?

ተመልሳ ባልዲ ማጠቢያው ጋ ብርነሽን አገኘቻት።

«ብርኔ፣ ዋሹኝ እኮ። ሁሉም ዋሹኝ።»

«ምን ይግረምሽ! እናንተ ወሎዎችስ? ቤታችሁ እየነደደ እንዴት ናችሁ ቢሏችሁ፣ ደህና አልሐምዱሊላህ ነው የምትሉት!»

«ታዲያ ሰላምታ ነዋ! ሰላምታ ላይ ማን ያለቅሳል?»

ይህን እንዳለች ዘርፌ አፏ ላይ እጇን ጫነች። ውሃው ከባልዲው ሞልቶ ይፈስሳል፣ እሷ አላየችውም።

«ምን ሆንሽ?» አለች ብርነሽ።

«ሰላምታ መስሏቸው ነው! ብርኔ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ህመሙ እንዴት ነው ይላል። እንዴት አደሩ ያልኳቸው መሰላቸው። አንዴ አልሐምዱሊላህ ካሉ በኋላ ደግሞ ምስጋናውን እንዴት ያፍርሱት?»

አገሯ ትዝ አላት። የጎረቤታቸው በሬ ገደል የገባ ቀን ሰውየው አባቷ ዘንድ መጥቶ ነበር። እንዴት አደርክ ተባለ፣ ደህና አልሐምዱሊላህ አለ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ሁሉም ደህና ነው አለ። ሰላምታው በሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ነው ቁጭ ብሎ «በሬዬ ሞተብኝ» ያለው። ፈይፋም ያው ነው። አሮጊቷ እመቤቷም እንዲያ ነበሩ። አፕ የሚባለው ነገር ግን ገና ከበር ሳይገባ በሬው ሞተ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ረቡዕ ጧት ዶክተር አንዋርን በር ላይ ጠበቀችው።

«ዶክተር፣ የትላንቱን ክፈቱልኝ። ዛሬ ለደምና ለራጅ ተመልሰው ይመጣሉ። እንደገና ልጠይቃቸው።»

«አንዴ ከተላከ ይቆለፋል እኮ።»

«እርስዎ መክፈት ይችላሉ።»

ሙኒራ ከኋላ ሰማች። «ይከፈትላት» አለች። «እኔ ግን መጋረጃው ጀርባ ቁጭ እላለሁ። አንድ ቃል አፋቸው ውስጥ ከጨመረችላቸው ያኔ ታየኛለች።»

ዐሚ ጀብራን በዊልቸር ገቡ። ሳብያ፣ ሴት ልጃቸው ቤት አድረው ነው። ዘርፌ መጀመሪያ ወንዱን ልጅ የራጁን ወረቀት አምጣ ብላ ላከችው። ከዛ ታብሌቱን በጀርባው ገልብጣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ እሷም ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«እንዴት አደሩ ያ ዐሚ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ልጆች? ፍየሎቹ? ቡናው ዘንድሮ እንዴት ያዘ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዝናቡ ደህና ነው።»

«መንገዱስ? ያ ታችኛው መታጠፊያ ተሠራ? እኔ ኮ ፈይፋ አራት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«ወላሂ?» ሽማግሌው ቀና አሉ። «የማን ቤት?»

የማን ቤት እንደሆነ ነገረቻቸው። አሮጊቷን ያውቋቸዋል፣ አላህ ይማራቸው አሉ። እንደገና ጤና ተጠያየቁ። እንደገና ምስጋና ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ የሙኒራ ጫማ መሬቱን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ዘርፌ አልቸኮለችም። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ታብሌቱን አነሳች።

«እንግዲህ ያ ዐሚ፣ ለአላህ የሚባለው ተባለ። አላህማ ጉልበትዎን ያውቀዋል። የማያውቀው ዶክተሩ ነው። አሁን ለሱ ይንገሩልኝ።»

ሽማግሌው በሩን አዩ። ልጃቸው የለም። ትንሽ ሳቁ፣ ከዛ ሳቁ ተሰበረ።

«ደረጃ ነው ያልሽኝ? ቤቴ ሦስት ፎቅ ነው፣ አባቴ በድንጋይ የሠራው። ላይኛውን ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነ። ቡና ደጄ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምለቅመው። የታችኛውን እርከን የሰው ሰው ይለቅመዋል። ሌሊት ስገላበጥ ትራሱን ነው የምነክሰው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙኝ።»

ዘርፌ መልሱን ብቻ ነካች። ምንም አልጨመረችም። አስራ አንዱ አለቀና አንድ ቀረ።

«ተንበርክከው መነሳት ይችላሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሶላት ላይ ግንባርዎ መሬት ይነካል ወይስ ወንበር ላይ ነው የሚሰግዱት?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ሁለት ረመዳን» አሉ። «ሁለት ረመዳን ግንባሬ መሬት አልነካም። መስጊድ ኋላ ነው የምቀመጠው፣ ሰው እንዳያየኝ።»

ዘርፌ የመጨረሻውን ነካች። ስክሪኑ ዘጠኝ አለ።

መጋረጃው ተገፈፈ። ሙኒራ ቆማለች። «ትላንት አርባ አንድ፣ ዛሬ ዘጠኝ! ያ ዐም፣ የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁለቱም ውሸት አይደለም ልጄ። የትላንቱ ምስጋና ነው፣ የዛሬው ወሬ ነው። ደግሞ እኔ ምን ላውቅ? ትላንት ይህቺ ልጅ ሰላም ያለችኝ መስሎኝ መለስኩላት፤ ለካ ጥያቄ ኖሯል!»

ዶክተር አንዋር ራጁን ወደ መብራቱ አነሳው። አጥንት ከአጥንት ተላትሟል፣ መሃሉ ባዶ ነው። «ዘጠኙም በዝቶለታል» አለ።

ሙኒራ ግን በሰው ወሬ የምታምን አይደለችም። ቀጣዪቱን ሴትዮ አስገቡልኝ አለችና ታብሌቱን ከዘርፌ ተቀብላ ራሷ አነበበች፣ ቀጥ ባለ የትምህርት ቤት አረብኛ።

«ህመምሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ገበያ ትሄጃለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ስድስተኛው አልሐምዱሊላህ ላይ ሙኒራ ቆመች። በር ላይ ያለችው ፊሊፒናዊት ነርስ ሳቋን ልትይዝ በፋይል ፊቷን ሸፈነች። ሙኒራ ታብሌቱን ለዘርፌ መለሰችላት።

«ያላ። አንቺ ጠይቂያት።»

ዘርፌ ከሴትዮዋ እግር ሥር ቁጭ አለች። ልጆቹን ጠየቀች፣ ንቡን ጠየቀች፣ የሞቱትን አላህ ይማር አለች። ሰላምታው አለቀ። ከዛ ሴትዮዋ ጎርፍ ሆኑ፤ ገበያ የወረዱት ዓምና በዒድ መሆኑን፣ ጫማቸውን የልጅ ልጃቸው እንደሚያስርላቸው፣ ሁሉንም። አስራ አንድ። ራጁ መጣ፣ ልክ ነው። ከዛ ሌላው፣ ከዛ ሌላው። ሁሉም ከሃያ በታች እንዳልወረደም ይታወቅ። ሁለቱ ሰዎች ሰላምታው ካለቀ በኋላም ደህና ነን አሉ፣ ራጃቸውም ደህና ናቸው አለ። ሠላሳ አንድና ሠላሳ ሦስት አመጡ። ይሄኛው ነው ሙኒራን ያሸነፋት። ልጅቷ ታማሚ እየፈጠረች ሳይሆን እውነት እያወጣች መሆኑን ያየችው ያኔ ነው።

የዙህር አዛን ሲል አስራ አንዱም ተሞልቷል። ዘጠኝ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ገባ፤ አንደኛ ጀብራን።

ሙኒራ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። «ስምሽን በአረብኛ እንዴት ነው የምትጽፊው?»

ዘርፌ ጻፈችላት። አፑ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ዝርዝሩ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ ጽዳት የሚባል የለም። ሙኒራ ጣቷን ወደ ታች አወረደች፣ «የታማሚ መረጃ ሰብሳቢ» የሚለውን ነካች፣ ቀና ብላም አላየቻትም።

«ከካምፓኒሽ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ነገ የጽዳት ልብስ ለብሰሽ እንዳትመጪብኝ። ደግሞ ሁለቱን ነርሶች ያንን ሰላምታ አስተምሪልኝ፣ ከፍየሎቹ ጀምሮ።»

ብርነሽ ይህን ስትሰማ አልቻለችም። «እልልልል!» አለችው፣ አጥንት ክፍሉ መሃል፣ ጓንቷን ሳታወልቅ። ፊሊፒናዊቷ ደነገጠች፣ ታማሚዎቹ ከየአልጋቸው ቀና ቀና አሉ።

«ሠርግ ነው?» አሉ ዐሚ ጀብራን።

«ሠርግ ነው ያ ዐሚ!» አለች ዘርፌ፣ እንባዋ እየወረደ።

እሁድ ጀብራን መጀመሪያ ኦፕራሲዮን ገቡ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመራመጃው ብረት ተሰጣቸውና ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ልጃቸው በጎን፣ ዶክተር አንዋር ከኋላ። ዘርፌ አዲሱን መታወቂያ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ታብሌቱን ይዛ፣ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየሄደች በአማርኛ ትቆጥርላቸዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዶክተሩ ሰባት እርምጃ ይበቃል ብሎ ነበር። ሰባት ላይ ሁሉም አጨበጨበ። ሽማግሌው ግን ከንፈራቸውን ገጠም አደረጉና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስምንተኛውን ጨመሩ።