መምህሩ በመጽሐፉ ያሰመረው

ከሺሺንዳ ገበያ ነው የያዙኝ። ስብሰባ ላይ «ለምን?» ብለሃል አሉኝ። ብያለሁ፤ አልካድኩም። ቦንጋ እስር ቤት ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፤ ብርድ ልብሱ እርጥብ ውሻ ይሸታል። አንድ ወጣት ሰው ከደረቁ ጥግ ተነሣና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ።

ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነው። አንድ ልብ ወለድ ይዞ ገብቷል፤ የሌላ አፍሪካ አገር ሰው የጻፈው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ። እኔ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅዬ ማር የምቆርጥ ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እሱ ግን እንደ ተማሪው አስቀመጠኝ። በቁራጭ እርሳስ በየዓረፍተ ነገሩ አድራጊው ሥር አንድ መስመር፣ ድርጊቱ ሥር ሁለት መስመር ያሰምራል።

«አድራጊው ከጠፋ፣ ጋሼ፣ ደራሲው ለምን ደበቀው ብለው ይጠይቁ» ይለኛል።

«ሽማግሌው ለማትሪክ ሊቀመጥ ነው!» እያሉ እስረኞቹ ይስቁብናል። ይሳቁ። እኔ ቀፎ አንኳኩቼ ማር መያዙን አውቃለሁ፤ ያ ሰው ቃልን እንዲያ ነበር የሚያንኳኳው።

አንድ ቀን በፍተሻ መጽሐፉን ወሰዱበት። መርማሪው እኔን አስጠራኝ።

«አባባ፣ ይሄ መስመር የምስጢር ኮድ ነው፤ አይደል? አዎ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ። መምህሩ ይከሰስበታል።»

የማር ወቅት ነበር። ቤቴም አማረኝ።

«እርሳስ ስጠኝ፣ ልጄ፤ መስመሩ ምን እንደሆነ ላሳይህ» አልኩት።

ያልተሰመረበት ገጽ ገለጥኩ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ላቤ እየወረደ፣ ነጠላውንም ድርቡንም አሰመርኩ። ግማሽ ገጽ ላይ «የመበለቲቱ መሬት ተወሰደ» ይላል። ድርጊቱን ብቻ አስምሬ አለፍኩ። መርማሪው አንገቱን አሰገገ።

«እዚህ ጋ አድራጊውን ለምን ተዉት?»

«የለማ!»

«ማን ወሰደው ታዲያ?»

«መንደርተኛው ያውቃል፤ ፈርቶ ነው የማይናገር። እኔ የገባኝ ይሄን ያህል ነው። የቀረውን መምህሩን ጠይቀው።»

መርማሪው ገጹን ገለበጠ። ከዚያ መምህሩን አስጠራው።

መምህሩ ሲመለስ መጽሐፉ በእጁ ነበር። «ሰውዬውን ሁለት ምዕራፍ አስተማርኩት» አለኝ። የኮዱ ነገር በዚያው ቀረ። እኔ የተፈታሁት ማሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ አልቆጨኝም።

ዛሬ መምህሩ ዋጫ ከተማ ያስተምራል። የእኔ ዓይን ደክሟል። ቢሆንም ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ይጠራኛል። እየተንገዳገድኩም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ማን እንዳደረገው ካልተጻፈ፣ «ይጻፍልን» ብዬ እመልሰዋለሁ።