የአናጢው ጥፍር

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ቅዳሜም ሥራ ላይ ስለምትውል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ የትምህርት ቤቱ የእግር ጉዞ ቡድን ውስጥ ስትገባ ደስ አላት። ቤት ዘግታ ብቻዋን ከምትውል ኮረብታ ትውጣ ብላ ነው። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘው ከኮረብታው ማዶ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ይደርሳሉ። ግቢ ይጠርጋሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ እያንዳንዳቸውም የአንድ አዛውንት ጥፍር ይቆርጣሉ።

አንድ ቀን ልጅቷ ከጉዞ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች፣ "እማ፣ የእኔ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ" አለች። "የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል። መዶሻ ነው አሉኝ። ጥፍራቸውን ስቆርጥ ያፏጫሉ። ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ ስታኮርፍ እንዳንቺ ከንፈሯን ትነክስ ነበር አሉኝ።"

እናትየው የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ያ መዶሻ የአባቷ ጣት ላይ ሲያርፍ ምስማር ታቀብለው የነበረችው እሷ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው ዓመት "ሥራ አግኝቻለሁ፣ እልክላችኋለሁ" ብሎ እንደወጣ ቀረ። እናቷ በር በሩን ስታይ አርጅታ ሞተች።

"ምን ሆንሽ እማ?"

"ምንም። እጅሽን ታጠቢ።"

ለሦስት ሳምንት ትንፍሽ አላለችም። "አሁን ነው አባትነት ያማረው?" እያለች አንሶላ ስትጨምቅ ትውላለች። ቅዳሜ ልጅቷ ስትመለስ ግን "እኚያ ሰውዬ እንዴት ናቸው?" ሳትል አታልፍም። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷ "በጣም ያስላቸዋል" አለቻት።

በአራተኛው ቅዳሜ ፈረቃ ተቀያይራ ከልጆቹ ኋላ ኮረብታውን ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። መጀመሪያ ልትሰድበው አሰበች። ኋላ ግን "ደህና ነህ ወይ አባባ" ካልኩት ይበቃል አለች።

አልጋው ባዶ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሏል።

"ረቡዕ ቀበርናቸው" አለች አስታማሚዋ። "ዘመድ አለኝ ብለው አያውቁም።"

ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናትየው፣ "አንሶላቸው የት አለ?" አለች።

"ታጥቧል እኮ እትዬ። ያው ገመዱ ላይ።"

ገመዱ ላይ ሰባት ስምንት አንሶላ ተሰጥቷል፣ ሁሉም ነጭ። ስንቱን አንሶላ ያጠበች ሴት የአባቷን መለየት አቃታት።

ኮረብታውን ሲወርዱ ልጅቷ፣ "አንቺን ምን ያስለቅስሻል? አታውቂያቸውም" አለቻት።

"አባቴ ነው።"

ልጅቷ ቆመች። "መቼ አወቅሽ?"

"ስለ ጣቱ የነገርሽኝ ዕለት።"

"ብትነግሪኝ እኮ አያቴ ነዎት እላቸው ነበር" አለች ቀስ ብላ። እጇን ከእናቷ እጅ አወጣችና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ "እማ" አላለቻትም። ስትጠየቅ ትመልሳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ትተኛለች። እናትየውም ምን በደልኩሽ ብላ አልጠየቀቻትም።