ለጀማል ያልሰጠሁት ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴንም ሳልነግራት ነው የቀበርኳት። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ፤ ጥፋቴን ግን አትለፉኝ።

ልጄ ከድጃና የሥራ ጓደኛዋ ጀማል ሮቤ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው በኮምፒውተር ይሠሩ ነበር። የሱቁን፣ የሆቴሉን ኢንተርኔት ከአጭበርባሪ ድረ ገጽ ይጠብቃሉ። ከድጃ እንዳስረዳችኝ የድረ ገጽ አድራሻ ረጅም ነው፤ ከፊት ያለው የክፍሉ ስም፣ ከኋላ ያለው የቤቱ ስም። እነሱ የቤቱን ስም ለይቶ የሚቆርጥ ትእዛዝ ጻፉ፤ በየነጥቡ እየቆረጠ ከኋላ ሁለት ቁራጭ ይወስዳል። የኛ አገር አድራሻ ግን ብዙውን ጊዜ «ኮም ነጥብ ኢቲ» ብሎ ነው የሚያልቀው። ሁለት ብቻ ከተወሰደ «ኮም»ና «ኢቲ» ተይዘው የቤቱ ስም ተቆርጦ ይወድቃል፤ ያገሩ ቤት ሁሉ አንድ ቤት ይመስላል። አንዱ ሌባ ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ይዘጋል።

ይህ የገባት ጎባ፣ እኔ ቤት ታማ ተኝታ ነው። መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቷል። እኔ ወደ ሮቤ ስወርድ፣ የኛን አገር አድራሻ ሦስት ቁራጭ ያድርገው ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ትእዛዙን ሥራ ሳያስጀምረው በእጁ ይስጡልኝ» አለችኝ።

ደረስኩ። ጀማል ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ይቀመጡ አባባ» አለ። ከመቀመጫው አልተነሳልኝም። እኔ ሽበቴን ይዤ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ። ወረቀቱን በኪሴ እንደያዝኩ ወጣሁ። ረስቼ ነው እንዳልል አልረሳሁም። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። እኔ ነኝ።

በማግስቱ ደንበኛው ሁሉ ኢንተርኔቱ ተዘጋበት፤ ተቆጥተው ጥለዋቸው ሄዱ። ከድጃ ከነሕመሟ ተነስታ እኔን ይዛ ሮቤ ወረደች። ወረቀቱን ሰጥተውታል ወይ ብላ በጀማል ፊት ጠየቀችኝ።

«ወላሂ፣ በእጁ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።

ጀማል አየኝ። ሽማግሌን ዋሸህ ማለት ከበደው መሰለኝ። አንገቱን ደፍቶ «ምናልባት ከእጄ ጠፍቶ ይሆናል» አለ።

አማላጅ ልኮ ሊያገባት ነበር። ዓይንህን አላይም አለችው። እሱም አገር ለቆ ሄደ። የት እንዳለ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ።

እሷ ኮምፒውተር ዳግም አልነካችም። በቀደም ሌላ ሰው አማላጅ ቢልክ «ከአባቴ በቀር የማምነው ወንድ የለም» ብላ መለሰቻቸው። እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ምን ዓይነት አባት ነው? እኔ ዝም አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተ ብትሉኝስ ምን ይረባኛል? ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን ታቀርብልኛለች። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው ትለኛለች።

እኔም አሚን እላለሁ።