ለጠላ ወይስ ለጠላት

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የዋለው ይጁቤ ገበያ ዳር ነው። የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ይልማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ፤ እኔ፣ ረዳት ተመራማሪው፣ ቴፑን አቅፌ ቆሜአለሁ። ማይኩን ነፋስ እንዳያስጮኸው በጋቢዬ ጫፍ ጠቅልዬዋለሁ።

"ቁጭ በል እንጂ" አሉኝ።

"ከተቀመጥሁ ሐሳቤ ይሄዳል" አልኋቸው። እውነቴን ነው። እግሬ አርፎ አያውቅም። ቤተ መዛግብት ውስጥ እንኳ ፋይል ይዤ ስንጎራደድ ጠባቂው ሲቆጣኝ ነው የኖረው።

ሥራችን የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ስለ ውጊያው የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኛ የምንፈልገው በጣሊያን ጊዜ የጎጃም ሰው ምን እንደ ሸጠ፣ ምን እንደ ገዛ፣ በምን እንደ ኖረ ማወቅ ነበር። ዓመተ ምሕረት አንጠይቅም። "አንበጣው ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" እንላለን፤ ሰዉም በዚያ ያስታውሳል።

የዚያን ዕለት የጠየቅናቸው መሪጌታ አድማሱ ነበሩ። ቅኔ የተማሩ፣ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ተሰማ ስለሚባል የእህል ነጋዴ አወሩን። ገጠሩ በአርበኞች፣ ደብረ ማርቆስ በጣሊያን እጅ በነበሩበት ጊዜ ተሰማ ገብስ በአህያ እየጫነ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ይመላለስ ነበር።

"ደብረ ማርቆስ አድርሶ ገብሱን ምን አደረገው?" አሉ ዶክተር ይልማ።

መሪጌታ መለሱ፤ ዶክተሩ ጻፉ። እኔ ባትሪው እንዳያልቅ ቴፑን አጠፋሁ።

ከዚያች አጭር መልስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወጣ። መጽሐፉ ሲታተም "ተሰማ ገብሱን ለጠላት ሸጠ" የሚለው ዐረፍተ ነገር የምዕራፉ ምሰሶ ሆነ። ተማሪዎች ጠቀሱት፣ በጉባኤ ላይ ተነሣ፣ ሌሎች ተመራማሪዎችም እሱን ይዘው ጻፉ። እኔም በምስጋናው ገጽ ስሜ ስለ ወጣ ደረቴን ነፍቼ ከርሜአለሁ።

መጽሐፋችን የት ድረስ እንደ ሄደ የነገሩኝ የተሰማ ልጅ ወይዘሮ እናኒ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው የአንድ አርበኛ የልጅ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። በእኛ አገር ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ዘር ይቆጠራል። ቆጠራው ተሰማ ላይ ሲደርስ የልጅቱ አጎት፣ አስተማሪ ነው፣ መጽሐፋችንን አውጥቶ ያቺን ዐረፍተ ነገር በሽማግሌዎቹ ፊት አነበበ። ነገሩ እዚያው ቆመ።

"አባቴ ባንዳ አልነበረም" አሉኝ። "የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ መጥታችሁ አንሡት። ልጄ እህል መቅመስ ትቷል።"

ወደ ዶክተር ይልማ ሮጥሁ። "አንድ ቤተሰብ ተቀየመ ብለን ታሪክ አንለውጥም" አሉ።

"መሪጌታ እንዲያ ማለታቸውን እርግጠኛ ነዎት?"

"ጽፌዋለሁ እኮ!"

ተናደድሁ። መጻፍና መስማት አንድ አይደለም። ደመወዜ በእሳቸው ፊርማ ስለሚወጣ ይህን አልተናገርሁም፤ በሩን ግን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ቴፑን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሉማሜ ላይ ሲቆም ሻይ ቤት ገብቼ ከፈትሁት። "ገብሱን ምን አደረገው?" ይላል የዶክተሩ ድምፅ። ቀጥሎ የመሪጌታ መልስ፣ እሱ ላይ ደግሞ የአህያ ጩኸት። መልሼ አጫወትሁት።

"ለጠላት ሸጠ ነው የሚሉት" አለ ሹፌሩ።

"ምን ዓይነት ጆሮ ነው! ለጠላ ተሸጠ ነው እንጂ" አለች ሻይ ቀጂዋ።

ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር። እኔም ያኔ ገባኝ። "ላ" ጠበቅ ካለች መጠጥ ናት፤ ከላላች ጣሊያን ናት። ቀጥሎ ያለው "ተ" ይሁን "ት" አህያው ውጦታል። ሲጻፍ ግን ከሁለቱ አንዱን መሆን ስላለበት ዶክተሩ አንዱን መርጠው ጽፈዋል። ሻዬን ሳልጨርስ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ።

መሪጌታን ይጁቤ ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው።

"ለጠላ ተሸጠ ነው ያልሁት" አሉ። "ጠማቂዎቹ ናቸው የገዙት።"

ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

"ወዴት ትሮጣለህ? ጠላውን ማን እንደ ጠጣው መች ጠየቅኸኝ?"

"ማን ጠጣው?"

"የጣሊያን ወታደር ነዋ! ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠላ ቤቱን የሚሞላው ሌላ ማን ኖሮ? ቃሉን ለሁለት እንዲሆን አድርጌ ጣል ያደረግሁት አውቄ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠይቀኛል ብዬ። አለቃህ ጽፈው ተነሡ።"

መኪና መጠበቅ አልቻልሁም፤ ደብረ ማርቆስ በእግሬ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር።

ወይዘሮ እናኒ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ "ለጠላ ተሸጠ በልና እዚያ ላይ አቁም፤ ውሸት አልተናገርህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሸት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የልጅቱ አያት፣ አርበኛው ግራዝማች እጅጉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መሐል ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ ተናገርሁ። "መጽሐፉ ላይ የወጣው ስሕተት ነው። መሪጌታ ያሉት ለጠላ ተሸጠ ነው።" ወይዘሮ እናኒ እፎይ አሉ። መቀመጥ የነበረብኝ ያኔ ነው።

"ጠላውንስ ማን ጠጣው?" አሉ ግራዝማች።

አንድ ጎልማሳ ትዳሩን ከእኔ አፍ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ የሰማሁትን መናገር ነው።

"የጣሊያን ወታደሮች" አልሁ።

ወይዘሮ እናኒ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አስተማሪው አጎት "ይኸው!" ብሎ መጽሐፉን በመዳፉ መታው።

"ዝም በል አንተ!" አሉት ግራዝማች። ወደ እኔ ዞሩ። "አለቃህ እኔም ዘንድ መጥተው ነበር። አርበኛ መሆኔን ሲያዩ ስለ ውጊያው ብቻ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ጫካ ሳለህ ጨው ከየት ታገኝ ነበር ብለው ግን አልጠየቁኝም።"

"ከየት ነበር፣ ግራዝማች?"

"እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከጣሊያን መጋዘን ከወጣው። ሚስቴ ቅቤ ሸጣ ትገዛልኝ ነበር። ቅቤዬን ማን እንደ በላው እኔም አልጠየቅሁ።" "በል ጻፍ። ተሰማን ስትጽፍ እኔንም አብረህ ጻፈኝ። ብቻውን አታቁመው።"

ልጅቱን ሰጡ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስሁ።

ዶክተር ይልማ እርማቱን ሳይቀበሉ ሞቱ። መጽሐፋቸው እንደ ነበረ ዳግመኛ ታትሟል፤ ዛሬም የሚጠቀሰው እሱ ነው። ግራዝማች ከነጨዋቸው ከነቅቤያቸው ያሉበትን የእኔን ጽሑፍ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ያበሳጨኛል። ጡረታ ወጥቼም አላስተኛኝም።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። የሻጩን ስም ስትጽፉ የገዢውንም ጻፉ። ገዢውን ካላወቃችሁት ሥራው አላለቀም፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ።